የማን አይሮፕላን ነበር? የደሴና የኮምቦልቻ ሰማይ በቃል ምስክርነት ንባብ

በቃል ግጥምም ሆነ በትዝታ ጽሑፍ ውስጥ «አይሮፕላን መጣ» የሚል ሐረግ ሲያጋጥመን አብዛኞቻችን የማን አይሮፕላን እንደሆነ ሳንጠይቅ እናልፋለን። ስለ አንድ የጦር አለቃ የተነገረ ግጥም ሲገኝ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የየት አገር ገዥ እንደነበረ፣ ከማን ጋር እንደተዋጋ እንመረምራለን፤ የፈረሱን ስም እንኳ ሳንለይ አናልፍም። አይሮፕላን ላይ ስንደርስ ግን «በጣልያን ጊዜ» የሚል የግርጌ ማስታወሻ ጽፈን እንዘጋዋለን። ለብዙው የአገራችን ክፍል ይህ ማስታወሻ ያስኬድ ይሆናል። ለደሴና ለኮምቦልቻ ግን አያስኬድም።

በእነዚህ ሁለት ከተሞች «የጣልያን ጊዜ» የሚባለው ዘመን በሁለት የተለያዩ ቦምብ ጣዮች መካከል የተዘረጋ ነው። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴን የደበደቡት የኢጣልያ አይሮፕላኖች ናቸው፤ ከተማዪቱም ያን ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ የጦር ጠቅላይ ሰፈር ነበረች። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ደግሞ አገሩ በኢጣልያኖች እጅ ሳለ ከሰማይ የመጡበት የደቡብ አፍሪካ አይሮፕላኖች ናቸው። የመጀመሪያው ወራሪ ነው፤ ሁለተኛው ወራሪውን ሊያስወጣ ከመጣ ጦር ጋር የተሰለፈ ነው። ከታች ላለው ገበሬና ነጋዴ ግን ሁለቱም በአንድ ቃል የሚጠሩ፣ ከጦሳ ተራራ በላይ የሚያጓሩ ነገሮች ነበሩ። እንግዲህ አንድ ተማሪ ከሥፍራው ስለ አይሮፕላን የተነገረ ሙሾ ሰብስቦ ቢያመጣና ዓመቱን ቢያሳስት፣ የሳተው አምስት ዓመት ብቻ አይደለም፤ የሟቹን ገዳይም ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚያ ሰማይ ላይ የታየን እንግዳ አይሮፕላን ማንነት ለመለየት ሰዉ በምን ምልክት ይጠቀም እንደነበረ፣ እኛስ ዛሬ የቃል ምስክርነቱን ስናነብ በምን ልንለየው እንደምንችል ማመልከት ነው። የአየር ኃይል ታሪክ ለመጻፍ የታሰበ አይደለም። ስለ ሞተርና ስለ ክንፍ የሚነገረውም ለንባብ እስከጠቀመ ድረስ ብቻ ነው።

ስለ ቃሉ

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በዘመኑ ጽሑፎች ተዘውትሮ የሚገኘው «አይሮፕላን» ነው፤ «አውሮፕላን» የሚለው አነጋገር ዛሬ ይበልጥ የተለመደ ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛና ከኢጣልያንኛ ወገን እንደመጣ ግልጽ ነው። ዳሩ ግን ወደ አማርኛ ሲገባ ፍጹም ባዕድ ሆኖ አልገባም። የቃሉ የመጀመሪያ ክፍል በግሪክኛ «አየር» ማለት ነው። የእኛውም «አየር» ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከዚያው ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የገባ ቃል ነው። ስለዚህ በ1920ዎቹ የመጣው እንግዳ ቃል አገር ቤት ቆይቶት የነበረ ዘመድ አገኘ ማለት ይቻላል። የአማርኛ ጆሮ ቃሉን ቶሎ የተቀበለው በዚህ ዝምድና ምክንያት ይመስለኛል።

ጎረቤቶቻችን ሌላ መንገድ መርጠዋል። ትግርኛ ከራሱ ግሥ አውጥቶ «ነፋሪት» አለው። ኦሮምኛ ደግሞ ከዐረብኛ ወስዶ «ጢያራ» አለው፤ ፍችውም በራሪ ማለት ነው። ኮምቦልቻ የደሴ፣ የከሚሴና የባቲ መንገዶች የሚገናኙባት፣ አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን የሚነገሩባት አገር ስለሆነች፣ ሰብሳቢው ሁለቱንም ስሞች በአንድ ገበያ ሊሰማ ይችላል። ሁለቱም ስሞች የሚነግሩን ግን ነገሩ እንደሚበር ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ አይነግሩንም።

የማንነትን ጥያቄ በስም ለመመለስ የተሞከረው በመንግሥት በኩል ነው። የመጀመሪያው አይሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ ሥራ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ አብራሪው ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዩንከርስ የተባለው የጀርመን አይሮፕላን ተከተለ። ለእነዚህ አይሮፕላኖች «ንሥረ ተፈሪ»ን የመሰለ ስም ይሰጣቸው ነበር። የአሰያየሙ ሥርዓት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የፈረስ ስም ነው። ልዩነቱ የፈረስ ስም ባለቤቱን ሲያስጠራ ይኖራል፤ የአይሮፕላኑ ስም ግን ከማረፊያው ሜዳ አልፎ ሕዝብ ውስጥ አልዘለቀም። ከሺህ ሜትር በላይ የሚሄድን ነገር ስሙን ጠርቶ ማሞገስም ሆነ መርገም አይቻልምና።

ወረቀት የጣለው

አይሮፕላን በአገራችን ጦር ሜዳ መጀመሪያ የታየው ከወሎ ወሰን ሳይርቅ፣ በበጌምድር ምድር፣ በአንቺም ጦርነት ነው። ራስ ጉግሣ ወሌ፣ የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባለቤትና የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ በንጉሥ ተፈሪ መንግሥት ላይ ተነሥተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በዚያ ወደቁ። የጦር ሚኒስትሩን የደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙን ሠራዊት የረዱት አይሮፕላኖች ቦምብ መጣላቸው በየታሪክ መጽሐፉ ተጽፏል። ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይበልጥ የሚገርመው ከቦምቡ በፊት የጣሉት ነው። የጣሉት የታተመ ወረቀት ነበር፤ ወረቀቱም ራስ ጉግሣን የሚከተል ሁሉ የተወገዘ መሆኑን የሚገልጽ የጳጳሳት ቃል ይዞ ነበር።

ነገሩን በወታደሩ ዐይን እንመልከተው። ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀው ነገር ከሰማይ ያጓራል። ከዚያ ወረቀት ይወርዳል። ማንበብ የሚችለው ጥቂቱ ስለሆነ ወረቀቱ ወደ ቄስ ወይም ወደ ደብተራ ይወሰዳል፤ እርሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል። በዚያች ሰዓት እንግዳው ነገር ማንነት አገኘ። አይሮፕላኑን ያስተዋወቀው ክንፉም ሞተሩም አይደለም፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የውግዘት አነጋገር ነው። ውግዘት ከቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት የሚሰማ ነገር ነበር፤ አሁን ከሰማይ ወረደ። ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው፣ ለዚያ ሠራዊት መንፈስ መሰበር ወረቀቱ ከቦምቡ ያላነሰ ድርሻ ነበረው። ያም ሆነ ይህ፣ እንግዳን አይሮፕላን በሚጥለው ነገር የመለየት ልማድ ከዚህ ይጀምራል። ልማዱ በሚቀጥሉት ዐሥራ አንድ ዓመታት ሁለት ጊዜ ተመልሶ ይመጣል።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.

የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ከተሻገረ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር ወር ወደ ደሴ ወርደው ጠቅላይ ሰፈራቸውን በዚያ አደረጉ። የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ የቆመባት ይህች ከተማ ከጦሳ ተራራ ሥር ተሸሽጋ የተቀመጠች ናት። የከተማዪቱ አቀማመጥ ለእግረኛ ጠላት ምሽግ ነው፤ ለአይሮፕላን ግን ወጥመድ ነው። ከተራራው ጀርባ የሚመጣ በራሪ ድምፁ ከተሰማ በኋላ ለማየት የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው፤ ድምፁም በገደሉ ተመትቶ ስለሚያስተጋባ ከየት እንደሚመጣ ለመለየት ያስቸግራል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዚያ ሰሞን በደሴ ሰማይ ላይ የሚሰማው የሞተር ድምፅ ሁሉ የጠላት አልነበረም። የኢትዮጵያ መንግሥት በጣት የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹም መሣሪያ ያልታጠቁ አይሮፕላኖች ነበሩት። እነዚህም ሰውና ደብዳቤ ይዘው በአዲስ አበባና በደሴ መካከል ይመላለሱ ነበር። ከአብራሪዎቹ አንዱ ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ነው። ከአገር ልጆችም ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ አስቀድመው በ1923 ዓ.ም. ገደማ የማብረር ሙያ ተምረው ነበር። ስለዚህ «ድምፅ ተሰማ» ማለት «ጠላት መጣ» ማለት ብቻ አልነበረም፤ «መልእክት መጣ» ማለትም ሊሆን ይችል ነበር። መሸሽና መቀበል በአንድ ድምፅ ላይ ተንጠልጥለው ነበር።

ታዲያ በምን ይለይ? በጆሮ ከሆነ አንድ ጥሩ ምልክት ነበር። ከባዶቹ የኢጣልያ ቦምብ ጣዮች፣ ማለትም ካፕሮኒ 101፣ ካፕሮኒ 133 እና ሳቮያ ማርኬቲ 81፣ ሁሉም ባለ ሦስት ሞተር ነበሩ። የኢትዮጵያዎቹ ፖቴዝና ፎከር ግን አንድ ሞተር ብቻ ነበራቸው። የሦስት ሞተር ድምፅ የከበደና የተደራረበ ነው፤ አንድ ሳምንት የሰማው ሰው ሊለየው ይችላል። በዐይን ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። ካፕሮኒ 111 የተባለው የኢጣልያ አይሮፕላን ባለ አንድ ሞተር ሆኖ ክንፉ ከአካሉ በላይ የተዘረጋ ነው፤ ከእኛው ፎከር ጋር ከሩቅ ሲታይ እምብዛም አይራራቅም። ፖቴዝ ባለ ድርብ ክንፍ ነው፤ የኢጣልያኖቹ ሮሜዮ የተባሉት ቃኚዎችም ድርብ ክንፎች ናቸው። በቀለም እንለይ ብንልም የኢጣልያ አይሮፕላን በጅራቱ ላይ የሚይዘው አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ነው። ከእኛ ሰንደቅ ዓላማ የሚለየው መካከለኛው ቀለም ብቻ ነው። በጠዋት ፀሐይ፣ በዚያ ርቀት፣ ነጭን ከቢጫ የሚለይ ዐይን ብርቅ ነው።

ኅዳር 26 ቀን ጠዋት የመጡት ጥያቄውን ራሳቸው መለሱት። ፈንጂና ተቀጣጣይ ቦምብ ጣሉ፤ ሣር ክዳን ቤቶች ነደዱ። በማግሥቱም ተመለሱ። ከዚያን ጊዜ ጋር ተያይዞ የሚታወቀው ሥዕል ንጉሠ ነገሥቱ ከመትረየስ ኋላ ሆነው የሚታዩበት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1929 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ባዘጋጁትና የመጀመሪያው ክፍል በ1965 ዓ.ም. በታተመው «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ውስጥም የደሴ ድብደባ ተመዝግቦ ይገኛል።

ከተመቱት ሥፍራዎች አንዱ የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል ነበር። ሆስፒታሉ የቀይ መስቀል ምልክት ነበረበት። የመለየት ጥያቄ እዚህ ላይ ይገለበጣል። እስካሁን የተነጋገርነው ከታች ያለው ሰው ከላይ ያለውን ስለሚለይበት ነው፤ አሁን ግን ከላይ ያለው ከታች ያለውን እንዲለይ ይጠየቃል። የ1929 እ.ኤ.አ. የጄኔቭ ስምምነት የሕክምና ሥፍራ ምልክት ለምድር፣ ለባሕርና ለአየር ጦር በግልጽ እንዲታይ መደረግ እንዳለበት ይደነግጋል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ሊጀመር ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ቀርቶት ነው። ስለዚህ ምልክቱ ለደሴ ሰው አዲስ ነበር። ከላይ ሆኖ ለሚያየው አብራሪ ግን አዲስ ሊሆን አይችልም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ቀይ መስቀል የተሰቀለው ለከተማዪቱ ሰው እንዲያነበው አይደለም። ለሰማይ አንባቢ የተጻፈ ባለ አንድ ፊደል ጽሑፍ ነው፤ አንባቢው ግን እንዳላየ አለፈው።

ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ቢሆን ኖሮ በስሕተት ማመካኘት ይቻል ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን በመልካ ዲዳ የስዊድን የሕክምና ጓድ ተመታ። የካቲት 25 ቀን በቆረም የዶክተር ሜሊ የእንግሊዝ ጓድ ተመታ። በመጋቢትም እዚያው ቆረም ላይ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ያበርረው የነበረው የቀይ መስቀል ፎከር ወድሟል። ኢጣልያኖች ምልክቱ ለጦር መሸፈኛ ውሏል ይሉ ነበር። ሆኖም የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ በዚህ ጦርነት አብራሪ ሆኖ ያየውን በ1937 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «በአምቦች ላይ በረራዎች» በተባለው መጽሐፉ የሚያወራው በጨዋታ መንፈስ ነው። ያን መጽሐፍ ላነበበ ሰው ከላይ የነበረው ዐይን ለመለየት ምን ያህል ይጨነቅ እንደነበረ ለመገመት አያስቸግርም።

ፉከራና ፊት የሌለው ጠላት

ወደ ቃል ግጥሙ እንመለስ። ፉከራና ቀረርቶ ፊት ለፊት የሚታይ፣ ስም ያለው ጠላት ይፈልጋሉ። ፎካሪው የገደለውን ሰው ማንነት ባጎላ መጠን የራሱ ክብር ከፍ ይላል። አይሮፕላን ይህን ሥርዓት ያፈርሰዋል፤ አብራሪው አይታይም፣ ስሙ አይታወቅም፣ ቢወድቅም የገዳዩ ጥይት የማን እንደነበረ አይለይም። የመንግሥቱም መመሪያ ሠራዊቱ አይሮፕላን ሲመጣ ከሜዳ ወደ ጥሻና ወደ ሸለቆ እንዲገባ፣ የሚያብረቀርቅ ጌጥና ልብስ እንዲተው የሚያዝዝ ነበር። ለምድና ጎፈር ለብሶ፣ በብር ያጌጠ ጋሻ አንግቦ እንዲታይ ያደገን ጦረኛ፣ እንዳትታይ ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለሥነ ቃል ተማሪ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚህ የተነሣ ስለ አይሮፕላን የሚነገረው ቃል ከፉከራ ይልቅ ወደ ሙሾና ወደ እንጉርጉሮ ያደላል። ሙሾ ደግሞ ለእኛ ጥያቄ ክፉ ምስክር ነው። የሚጨነቀው ለሟቹ ነው፤ ገዳዩን «ያ» ብሎ ያልፈዋል።

ሚያዝያ 1933 ዓ.ም.

የኢጣልያ ጦር ደሴ የገባው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ማርሻል ባዶልዮ ወደ አዲስ አበባ የሚገሰግሰውን የመኪና ሰልፍ ያዘጋጀው ከዚሁ ከደሴ ነው። በወረራው ዘመን ደሴን ከአሥመራና ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው አውራ ጎዳና ሲሠራ፣ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ከሚገነጠልባት ከኮምቦልቻ ሜዳ ላይ የአይሮፕላን ማረፊያ ተበጀ። የቦርከናን ውኃ ተከትሎ የተዘረጋው ይህ ሜዳ ከደሴ በስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ደሴ ዳገት ላይ የማይገኘው ጠፍጣፋ መሬት እዚህ አለ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የኮምቦልቻ ሰው አይሮፕላንን መሬት ላይ ቆሞ በቅርብ አየው። ደሴ ከሥሩ ሆኖ የፈራውን፣ ኮምቦልቻ አጥር ዘልሎ ሊነካው የሚችል ነገር ሆነ። በሁለቱ ከተሞች ምስክርነት መካከል ልዩነት ቢገኝ ይህ አንዱ ምክንያት እንደሚሆን መገመት ይገባል።

በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ወገን ጦር ከደቡብ መጥቶ አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ፣ በብርጋዴር ፒናር የሚመራው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ወደ ሰሜን ዞረ። በኮምቦልቻ መተላለፊያ ላይ ከሚያዝያ 9 እስከ 14 ቀን ተዋጋ፤ አርበኞችም አብረው ተሰለፉ። ደሴ ሚያዝያ 18 ቀን ተያዘች። በዚህ ወቅት የኮምቦልቻ ማረፊያ የደቡብ አፍሪካ አይሮፕላኖች ዒላማ ሆነ።

በ1928 የተማርነው የሞተር ቆጠራ ለዚህ ጊዜ ይረዳል? በከፊል። ባለ ሦስት ሞተሩ ቦምብ ጣይ አሁንም የኢጣልያ ነው፤ ካፕሮኒ 133 እና ሳቮያ አሁንም ነበሩ። የደቡብ አፍሪካው ሃሪኬን ባለ አንድ ሞተርና ባለ ነጠላ ክንፍ ነው፤ የኢጣልያው ተዋጊ ፊያት 42 ደግሞ ባለ ድርብ ክንፍ። ደቡብ አፍሪካውያን ግን በዚህ ዘመቻ ድርብ ክንፎችም ነበሯቸው። ከጀርመን የገዟቸውን ባለ ሁለት ሞተር ዩንከርሶች ቦምብ ለመጣል፣ ባለ ሦስት ሞተሮቹን ዩንከርሶች ደግሞ ጭነት ለማመላለስ ይጠቀሙባቸው ነበር። በጅራትም ቢሆን ኢጣልያኖች ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሦስቱን ቀለም ትተው ነጭ መስቀል ቀብተዋል፤ የሳቮያ ቤተ መንግሥት ዓርማ ነው። ስለዚህ በቃል ምስክርነት «መስቀል ያለበት አይሮፕላን» የሚል ቢገኝ፣ አጥኚው የቀይ መስቀል ነው ብሎ ከመቸኮሉ በፊት መስቀሉ ምን ዓይነት እንደነበረ መጠየቅ ይኖርበታል። አንዱ መድኃኒት ጫኝ ነው፤ ሌላው ቦምብ ጫኝ።

እንግዲህ ቅርጽ ብቻውን አያስተማምንም። በእኔ አስተያየት ከቅርጽ ይልቅ የሚያስተማምነው ቀን መቁጠሪያው ነው። የወሎ ሰው ዓመተ ምሕረት ባይጠቅስም በዓልና ወቅት ሳይጠቅስ የሚያወራው ነገር ጥቂት ነው።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በምን ላይ እንደዋለ እንይ። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ ተይዟል። በእስልምናው አቆጣጠር ደግሞ ዓመቱ 1354 ሂጅራ፣ ወሩ ረመዳን ነው፤ ከገባ ገና ዐሥር ቀን ገደማ ቢሆነው ነው። ይህም ማለት ቦምቡ ሲወድቅ የደሴ ክርስቲያንም እስላምም ጾመኛ ነበር። በእርሻውም በኩል ጊዜው የመኸር ነው፤ እህል ይታጨዳል፣ ይከመራል፣ አውድማ ይለቀለቃል። የእሳት ቦምብ በደረቅ ነዶ ላይ ሲወድቅ የሚያደርሰውን ገበሬ ሳይናገር አያልፍም።

የሚያዝያ 1933 ውጊያ ፍጹም ሌላ መልክ አለው። በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 12 ነው። የኮምቦልቻ ውጊያ ሐሙስና ስቅለትን ይዞ፣ ትንሣኤን አልፎ እስከ ማዕዶት ማግሥት ዘለቀ ማለት ነው። መውሊድ ደግሞ በሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ፣ ውጊያው ሊጀመር አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው ነበር። በወሎ መውሊድ በየሼኹ ቤት ሰው የሚሰበሰብበት፣ መንዙማ የሚወርድበት ታላቅ በዓል መሆኑ የታወቀ ነው። እርሻውም የበልግ ነው፤ ነዶ የለም፣ ቡቃያ አለ።

ስለዚህ አንድ እናት «አፌ በጾም እንደተያዘ» ብላ ስለ አይሮፕላን ብትናገር፣ ተናጋሪዋ ሙስሊም ከሆነች ጾሙ ረመዳን ነውና ዓመቱ 1928 ነው፤ የደሴው። ክርስቲያን ከሆነች ግን ሁዳዴም የነቢያት ጾምም ሊሆን ስለሚችል ሌላ ምልክት መፈለግ አለበት። ስለ አውድማ ከተነሣ ኅዳር ነው። የፋሲካ በግ ሳይታረድ ቀረ ከተባለ ሚያዝያ ነው፤ አይሮፕላኑም የኢጣልያ ላይሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጥያቄ መጠይቅ ውስጥ ቢገባ፣ በየመመረቂያ ጽሑፉ «በጣልያን ጊዜ» ተብሎ የሚታለፈው ሁሉ ባለቤት ያገኛል። ሰብሳቢዎች ግጥሙን ብቻ ቀድተው ተናጋሪው ከግጥሙ በፊትና በኋላ ያወራውን ወሬ የሚተዉት ነገር ስለዚህ ያሳዝናል። ቀኑ ያለው ወሬው ውስጥ ነው።

ማኅተሙ

የወረቀቱም ነገር በዚህ ዘመን ተመልሶ መጣ። በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ኢጣልያ ጦርነት ውስጥ ከገባች በኋላ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ካርቱም ደርሰው ሳለ፣ የእንግሊዝ አይሮፕላኖች በተያዘው አገር ላይ የአማርኛ አዋጅ ይበትኑ ጀመር። ሥራውን የሚመራው ቀድሞ በኢትዮጵያ የጋዜጣ ወኪል የነበረው ጆርጅ ስቲር ነበር፤ ካርቱም ላይ «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣም በዚሁ ክፍል ይታተም ነበር። ስቲር ስለዚህ ሥራው የጻፈው መጽሐፍ ርእስ ራሱ ከማኅተም የተወሰደ ነው። በበራሪው ወረቀት ራስ ላይ የይሁዳ አንበሳ ማኅተም ነበረ። ኢጣልያኖችም ከ1928 ጀምሮ በአማርኛ ያሳተሙትን ወረቀት ሲበትኑ ስለኖሩ፣ የወረቀቱ በአማርኛ መሆን ብቻውን ወዳጅን ከጠላት አይለይም ነበር። የለየው ማኅተሙ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ አንበሳውን ያውቀዋል። በአንቺም ጊዜ አይሮፕላኑን ያስተዋወቀው ጮክ ተብሎ የሚነበብ ውግዘት ነበር፤ አሁን ደግሞ ሳይነበብ የሚታወቅ ሥዕል ሆነ። የበራሪ ወረቀቶቹ አማርኛ ራሱን የቻለ ጥናት የሚገባው ነው፤ የአዋጅ ነጋሪ አነጋገር፣ የቤተ ክህነት ቃልና የጋዜጣ ዜና በአንዲት ቅጠል ላይ ተቀላቅለው የሚገኙት በእነርሱ ነው።

ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ዳኮታ የሚባለው ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላንም በየጠቅላይ ግዛቱ ሜዳ ላይ ያርፍ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ለኮምቦልቻ ሰው የሞተር ድምፅ የመንገደኛ መምጫ ሰዓት ሆነ። በ1977ቱ ድርቅ የእንግሊዝ ኸርኩለስና የጀርመን ትራንዛል ለመኪና በማይመቹ ደጋዎች ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል ጣሉ። «ጣለ» የሚለው ግሥ አልተለወጠም። ወረቀትም፣ ቦምብም፣ እህልም ከአይሮፕላን የሚወርዱት በዚሁ ግሥ ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ «አይሮፕላን ጣለ» ተብሎ ተሳቢው ያልተጠቀሰበት ስንኝ ከተገኘ፣ ተሳቢውን ከአገባቡ ሳያገኙ መተርጐም አይገባም።

በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት መጨረሻ ገደማ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብተው፣ የመንግሥት ጦር እንደያዛቸው ኅዳር 27 ቀን ተገለጸ። በፈረንጅ አቆጣጠር ዲሴምበር 6 ነው፤ የ1928ቱ ኅዳር 26 የዋለበት ያው ቀን። በዚህ ጦርነት በሕዝቡ አፍ የገባው አዲስ ቃል «ድሮን» ነው። መገናኛ ብዙኃን «ሰው አልባ አውሮፕላን» ይሉታል። የመጀመሪያው ቃል ከእንግሊዝኛ እንዳለ የተወሰደ ነው፤ ሁለተኛው በአማርኛ የተፈታ ሲሆን አብራሪው ጨርሶ አለመኖሩን ይናገራል። በ1928 አብራሪው የማይታይ ነበር፤ እዚህ ግን የለም። ሞተሩ አንድ ነው፣ ምልክቱ ከምድር አይነበብም፣ ወረቀትም አይጥልም። በዚያ ዓመት ስለ ሰማዩ የተነገረውን የሚሰበስብ ሰው ቀኑን በዓመተ ምሕረት ሊያገኘው ይችላል፤ ስልክ ሁሉ ቀን ይመዘግባልና። የማን እንደነበረ ግን አሁንም መሬቱን በዚያ ሰዓት ማን ይዞት እንደነበረ ከመጠየቅ ሌላ መንገድ የለውም።